ባለቤት ያላቸው ጫማዎች

አርባ ጥንድ ያህል ነጠላ ጫማ፣ አንድም ባለቤት አጠገቡ ሳይኖር፣ ጭቃ ዳር በሰልፍ ተደርድሮ ብታዩ መጀመሪያ የሚመጣባችሁ ሐሳብ ምንድን ነው? እውነቱን ተናገሩ። ባለቤቶቹ ሥራ ሄደው ነው አትሉም። በተለይ ከተማዋ ቡዌናቬንቱራ ናት ከተባላችሁ፣ ማለትም ዜና አንባቢ ሁሉ ስሟን ከሬሳ ጋር ካልሆነ ለብቻው ጠርቶት የማያውቃት ያቺ የኮሎምቢያ ወደብ፣ የምታስቡት ይታወቃል።

ሬናታም እናንተ ያሰባችሁትን አሰበች። ተሸክማው የመጣችውን ጆንያ መሬት ላይ ጣል አደረገችና የዩሊሳን ክንድ ጨምድዳ ያዘች።

«ዩሊ» አለች በሹክሹክታ፤ «ልክ እንደጻፍሽው ነው።»

በዩሊሳ ጭንቅላት ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ይመላለሳል፦ የውኃውን ሰዓት ሳልጠይቅ መጣሁ።

የተወለደችው እዚሁ ሰፈር፣ በእንጨት ምሰሶ ላይ ከቆሙት ቤቶች በአንዱ ውስጥ ነው። እዚህ ሕፃን ከስሙ ቀጥሎ የሚያውቀው ውኃው መቼ እንደሚሞላና መቼ እንደሚጎድል ነው። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ እስከ ቤቶቹ ወለል ሥር ይመጣል፤ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ሠርግም፣ ቀብርም፣ ሹሩባ የመሠራት ቀጠሮም በእሱ ነው። ዩሊሳ ግን ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝታ ካሊ ከተማ ከገባች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ያየችው የግድግዳ ሰዓት ብቻ ነው። ለአክስቷ ደውላ «ቅዳሜ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር እመጣለሁ» አለች እንጂ «ውኃው በስንት ሰዓት ይሆናል?» አላለችም። እንግዳ ቢረሳው ያባት ነው። የሰፈሩ ልጅ ስትረሳው ያሳፍራል።

እናም ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተነሥተው፣ በዋሻና በተራራ ጥምዝምዝ ወርደው፣ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሲደርሱ ሰፈሩ ጭር ብሎ ጠበቃቸው። ታንኳ የለም። ሕፃን የለም። ሬዲዮ እንኳ አይሰማም። ዝናቡ ብቻ ቆርቆሮ ለቆርቆሮ ይንጠባጠባል። ከመሰላሉ ግርጌ ደግሞ እነዚያ ጫማዎች፣ አፍንጫቸውን ወደ ባሕሩ አድርገው ተሰልፈዋል።

«እኛስ?» አለ ኤስቴባን፣ ሦስተኛው ጓደኛቸው። ቀልድ ሳይናገር የማይውል ልጅ ነው፤ አሁን ግን ድምፁ ቀጥኗል። «አውልቀን እንሰለፍ ወይስ አድርገነው እንሩጥ?»

«ዝም በል አቦ» አለችው ሬናታ።

ዩሊሳ የጻፈችው እንዲህ ነበር፦ «አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ሰፈራችን ጭር ብሎ ነበር። ሰው ሁሉ ተወስዷል። የቀረው ጫማቸው ብቻ ነው።» የትምህርት ቤቱ መጽሔት የመጀመሪያው ገጽ ላይ ወጣ። የመጽሔቱ ኃላፊ መምህር አርቦሌዳ በባንዲራ ሰልፍ ላይ ድምፁን እያንቀጠቀጠ አነበበው። ተማሪው አለቀሰ። ኮሪደሩ ላይ የባዶ ጫማ ሥዕል ተሰቀለ። ከዚያም «ለወደቡ ልጆች ጫማ እናሰባስብ» ተባለና ሬናታ ክፍል ለክፍል ዞራ ያንን ጆንያ ሞላች።

ጭር ማለቱ እውነት ነው። ጫማውም እውነት ነው። ውሸቱ በሁለቱ መሀል የገባው ነው።

ዩሊሳ አሁን ልትናገር ትችል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ነገር ግን ሬናታ ያንን ጽሑፍ ከማንበቧ በፊት አጠገቧ ተቀምጣ አታውቅም፤ ካነበበች ወዲህ ተለይታት አታውቅም። ጓደኝነታቸው የቆመው በዚያ ውሸት ምሰሶ ላይ ከሆነ፣ ምሰሶውን ስትነቅለው ቤቱ ምን ይሆናል?

ሬናታ ጆንያውን ፈታች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ጫማዎቹን አንድ በአንድ እያወጣች ከነጠላዎቹ ጎን፣ አበባ መቃብር ላይ እንደምታኖር፣ ቀስ ብላ ትደረድር ጀመር። ጥቁር የትምህርት ቤት ጫማ፣ ማሠሪያው የጠፋ የስፖርት ጫማ፣ የየትኛዋ ተማሪ እናት እንደሰጠችው የማይታወቅ ቀይ ባለ ተረከዝ ጫማ። ኤስቴባን ኮፍያውን አወለቀ።

መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ነው። ውኃው በቤቶቹ ሥር ጭቃውን እየላሰ ተመለሰ። ቀጥሎ የኮኮናት ልጣጭ ጭስ ሸተተ፤ ሴቶቹ የወባ ትንኝ ለማባረር በጣሳ የሚያጨሱት ነው። ከዚያ ዘፈን። ባሕሩ ዳር ጭቃው ውስጥ ከበቀሉት ዛፎች መሀል አንድ ታንኳ ብቅ አለ፤ ከኋላው ሁለት፣ ከዚያ አሥር። በየታንኳው ላይ ጭቃ እስከ ጭናቸው የደረሰ፣ ጎማ ቦት ጫማ ያጠለቁ፣ ባልዲ የታቀፉ ሴቶች እየተሳሳቁ ይቀዝፋሉ።

ሬናታ በአንድ እጇ ጫማ እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

«ማነው ጫማዬ ላይ ጫማ የደረበው?» አለች ከፊተኛው ታንኳ የወረደችው።

«ፕላሲዳ፣ ነይ እይ፤ ጫማዎቻችን ወልደዋል» አለች ሌላዋ።

ፕላሲዳ የዩሊሳ አክስት ናት፤ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች፣ ከባርኔጣዋም የሰፋች ሴት። ዩሊሳን ከነጭቃዋ አቀፈቻት። «መጣሽ የኔ ልጅ? ቀትር ላይ መስሎኝ ነበር እኮ። ጓደኞችሽ እነዚህ ናቸው? ምነው እንዲህ ገረጡ፣ መኪናው አስመለሳቸው እንዴ?»

«እርስዎ...» አለች ሬናታ፤ «እርስዎ አልተወሰዱም?»

«ውኃው ወሰደኝ፣ ውኃው መለሰኝ። ሌላ ማን ይወስደኛል? ክብደቴን አታዪም?»

ሴቶቹ ሳቁ። ከዛፎቹ ሥር ፒያንጓ የሚሉትን ጥቁር ዛጎል ለቅመው መመለሳቸው ነው። ውኃው ሲጎድል ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው፣ ቦት ጫማቸውን አጥልቀው ይሄዳሉ፤ ውኃው ሲሞላ ይመለሳሉ። ወንዶቹ ወደቡ ላይ ወይም ዓሣ ላይ ናቸው፤ ልጆቹ ውኃው የተወው አሸዋ ላይ ኳስ ይጫወታሉ። ይኸው ነው የጭርታው ምሥጢር። ይህንን ለማወቅ ግማሽ ሰዓት መቆም ይበቃል፤ ስለዚህች ከተማ ከሚጽፉት ውስጥ ግማሽ ሰዓት የሚቆም አልተገኘም እንጂ።

ኔሜሲያ የምትባል ቀጭን ሴት ቀዩን ባለ ተረከዝ ጫማ አነሣች። ቦቷን አውልቃ፣ ጭቃማ እግሯን ከትታ፣ በሳንቃው ድልድይ ላይ ወገቧን እየሰበቀች ሄደች። ሳቁ ሰፈሩን ሞላው። ኤስቴባንም ኮፍያውን መልሶ አጨበጨበ።

«ግን የማን ነው ይሄ ሁሉ?» አለች ፕላሲዳ።

ሬናታ ውሸት አትችልም። መለሰች። ስለ መጽሔቱ፣ ስለ ሥዕሉ፣ ስለ መዋጮው ተናገረች። ያንን ጽሑፍ በቃሏ ታውቀዋለች፦ «ሰው ሁሉ ተወስዷል። የቀረው ጫማቸው ብቻ ነው።»

ሳቁ ቆመ። ኔሜሲያ ቀዩን ጫማ አወለቀች። ሁለቱን አስተካክላ ካነሣችበት ቦታ አስቀመጠች። የራሷን ሰማያዊ ነጠላ አንሥታ፣ ሳትጫማው ወደ ቤቷ ሄደች።

ፕላሲዳ ዩሊሳን አየቻት። «መጀመሪያ ምሳ» አለች።

ምሳው በኮኮናት ወተት የተሠራ የፒያንጓ ወጥ፣ ሩዝና የተጠበሰ አረንጓዴ ሙዝ ነበር። ውኃው ሞልቶ ከወለሉ ሥር ይንቦጫረቃል። ከኳስ የተመለሱት ልጆች ከየመስኮቱና ከየሳንቃው እየዘለሉ ይጠልቃሉ። ጎረቤት ማሪምባ የሚሉትን የእንጨት የሙዚቃ መሣሪያ ይመታል፤ ስሕተት ሲሠራ ከሦስት ቤት ይሳደቡታል። ኤስቴባን ሦስተኛ ሳሕኑን ይዞ «እኔ ካሊ አልመለስም፤ ለእናቴ ተወሰደ በሏት» አለ።

ማንም አልሳቀለትም። ሬናታ ሩዟን በማንኪያ ትቆፍራለች።

ዩሊሳ ሳሕን ለማጠብ ጓሮ ስትወጣ አክስቷ ተከተለቻት።

«ክፉ ቀን አልነበረም አልልሽም» አለች ፕላሲዳ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ነበር። እኔም በሬን ቀርቅሬ ያደርኩበት ጊዜ አለ። የኔሜሲያ ልጅ ኤቨር ዳቦ ልግዛ ብሎ ወጥቶ አልተመለሰም፤ ሰባት ዓመት ሆነው። ጋዜጠኛ ስንት ጊዜ መጣባት፤ የለበሰውን አሳዪን፣ የተጫማውን አሳዪን ሲሏት አሳይታ አታውቅም። አንቺ አሳየሽላት።»

«አክስቴ፣ የእሱን አልጻፍኩም እኮ።»

«ታዲያ የማንን ጻፍሽ? ጫማው የእኔ ነው። ኀዘኑ የእሷ ነው። ያንቺ የቱ ነው?»

ዩሊሳ ሳሕኑን አጠበች፤ ታጥቦ ያለቀውን ደግማ አጠበች።

ሬናታን ያገኘቻት የፊት ለፊቱ ሳንቃ ላይ፣ እግሯን ወደ ውኃው አንጠልጥላ ነው። ትንሽ ራቅ ብላ ተቀመጠች።

«ሃያ ሁለት ክፍል ዞሬያለሁ» አለች ሬናታ ፊቷን ሳታዞር። «‹እባካችሁ ጫማ፣ እባካችሁ ጫማ› እያልኩ። የስምንተኛ ክፍሎቹ ሙድ ይዘውብኝ ነበር፤ ‹ለማኟ መጣች› ይሉኝ ነበር። ደስ እያለኝ ነው የዞርኩት፤ ላንቺ ስለሆነ።»

«ይቅርታ።»

«ይቅርታሽን ምን ላድርገው? ለምን እውነቱን አልጻፍሽም?»

«ጽፌው ነበር» አለች ዩሊሳ።

ሬናታ ዞር አለች።

«መጀመሪያ የጻፍኩት ስለ አክስቴ ነው። ስለ ፒያንጓ። ቲቸር አርቦሌዳ አንብቦ መለሰልኝ። ‹ይሄ የገበያ ወሬ ነው፤ ከዚያ የመጣሽ ልጅ ጠንከር ያለ ነገር አያጣሽም› አለኝ። ሁለተኛ አሸዋው ላይ ስለምንጫወተው ኳስ ጻፍኩ። ዳኛው ባሕሩ ነው፤ ሲሞላ ጨዋታው ያልቃል። እሱንም ‹አትፈሩም ነበር? ፍርሃቱ የታለ?› አለኝ። ሦስተኛ ጊዜ ጫማዎቹን አስገባሁ። ያኔ ተነሥቶ አቀፈኝ። እዚያ ትምህርት ቤት ከገባሁ ወዲህ ሰው ሲያቅፈኝ የመጀመሪያው ነበር።»

ውኃው ከሥራቸው ወጣ ገባ ይላል። አንድ ሕፃን ከማዶ ዘሎ ሁለቱንም ውኃ ረጫቸው።

«የመጀመሪያውን አንብቢልኝ» አለች ሬናታ።

«የለኝም። ቀድጄዋለሁ።»

«እንግዲያው አሳዪኝ።»

በማግስቱ ውኃው መጉደል ሲጀምር ተነሡ። ከመሰላሉ ግርጌ ሴቶቹ ነጠላቸውን ደረደሩ። ዩሊሳ ደረደረች። ኤስቴባን ከስፖርት ጫማው ጋር እንደ ዘመድ ተሰናበተ። ሬናታ ነጭ ጫማዋን ከሰማያዊው የኔሜሲያ ነጠላ አጠገብ አስቀመጠችና ጥቂት ቆማ አየችው።

ጭቃው ውስጥ መራመድ ለለመደው ነው። ሬናታ በሦስተኛው እርምጃ ተቀመጠች፤ ሁለት ሴቶች ብብቷን ይዘው እንደ ካሳቫ ነቀሏት። ኤስቴባን አንድ ቦቱ ጭቃው ውስጥ ቀርቶ በባዶ እግሩ ሲፈልገው ሴቶቹ «ይሄኛው እውነትም ጫማው ተወሰደ» ብለው ተንከተከቱ። በዛፎቹ ሥር መሀል እጅን እስከ ክርን አስገብቶ በጣት መዳሰስ ነው ሥራው። ሬናታ ከአንድ ሰዓት በኋላ አንዲት ዛጎል አገኘች፤ ጭቃ በለበሰው መዳፏ ይዛት ፊቷ በራ።

ፕላሲዳ በአውራ ጣቷ ለካቻት። «ትንሽ ናት። መልሻት።»

«አንድ ብቻ እኮ ነው ያገኘሁት።»

«ስታድግ ትመጫለሽ።»

«የምታድገው እሷ ብቻ ናት?»

«ሁለታችሁም» አለች ፕላሲዳ፣ እና ወደ ሌላ ሥር ዞረች።

ዩሊሳ ሳቁን ትታ ኔሜሲያ ወዳለችበት ተጠጋች። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ትለቅማለች፤ ቀና አላለችም።

«እማማ ኔሜሲያ፣ ስለጻፍኩት ነገር ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው። ውሸት ነው። ስለ ኤቨር አስቤ አይደለም፤ ግን ማሰብ ነበረብኝ።»

ኔሜሲያ ያገኘችውን ዛጎል ባልዲዋ ውስጥ ጣለች። «የት ነው የተናገርሽው?»

«ትምህርት ቤት። በሰልፍ ላይ። በሁሉም ፊት።»

«ታዲያ እዚህ፣ ሸርጣን ብቻ በሚሰማበት፣ ምን ትነግሪኛለሽ?» አለቻት። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ከባልዲዋ ሁለት ትልልቅ ፒያንጓ አንሥታ ወደ ዩሊሳ ባልዲ ጨመረች። «እጅሽ ሰንፏል፤ ካሊ አበላሽቶሻል። ወደ ቀኝ ዳስሺ፣ እዚያ ይበዛል።»

ከቀትር በኋላ በአውቶቡስ ሲመለሱ ጆንያውም አብሮ ተመለሰ፤ እንደሞላ። አንድ ጥንድ ብቻ ጎድሎታል፦ ቀዩ። ኔሜሲያ ራሷ መጥታ «እሱን ተዉት፤ ለሠርግ ይሆነኛል» ብላ ወስዳዋለች። ሬናታ መስታወቱን ተደግፋ አንቀላፋች፤ ጥፍሯ ሥር ጭቃ አለ። ኤስቴባን ጉልበቱ ላይ የኮኮናት ከረሜላ ታቅፎ «የሚቀጥለው ሙላት መቼ ነው?» ይላል። ዩሊሳ ቆጥራ ነገረችው። አልተሳሳተችም።

ሰኞ ጠዋት ባንዲራ ተሰቀለ። ስምንት መቶ ተማሪ ሜዳው ላይ ተሰልፏል። መምህር አርቦሌዳ ማይክሮፎኑን ያዘ፤ ቁመቱ መለሎ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ተማሪ የሚወድደው ሰው ነው። «ዛሬ» አለ፣ «ጫማችን ወደቡ እንዴት እንደደረሰ ዩሊሳ ትነግረናለች።»

ዩሊሳ ጆንያውን እየጎተተች መድረኩ ላይ ወጣች። ሬናታና ኤስቴባን ሳይጠሩ ተከትለዋት ወጡ። እሷም ጆንያውን መሀል ላይ አቆመችው።

«ጫማው ተመልሷል» አለች። «የጻፍኳቸው ጫማዎች ባለቤት አላጡም ነበርና ተመልሷል። እኔ የጻፍኩት ውሸት ነው። ማንም አልተወሰደም፤ ሴቶቹ ሥራ ሄደው ነበር። ከተማችን ክፉ ቀን አይታለች፤ ልጃቸውን ያጡ እናቶች አሉ። ግን ያ ኀዘን የእነሱ ነው፤ እኔ ሰርቄ ጻፍኩት። ያለቀሳችሁ፣ ጫማ ያዋጣችሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ሜዳው አጉረመረመ። ከኋላ አንድ ልጅ ፉጨት አሰማ። መምህር አርቦሌዳ ፈጠን ብሎ ተጠጋና እጁን ማይክሮፎኑ ላይ አደረገ።

«ጎበዝ፣ ይሄ ድፍረት ነው» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «የቀረውን ቢሮ ውስጥ እንነጋገርበታለን።»

ዩሊሳ የኔሜሲያን የጎነበሰ ጀርባ አስታወሰች። ማይክሮፎኑን አልለቀቀችም።

«አይ ቲቸር» አለች። ድምፅዋ በድምፅ ማጉያው ሜዳውን ዞረ። «ውሸቱ የተነበበው እዚህ ነው። የእኔን ድርሻ እዚሁ መልሻለሁ። ስለ አክስቴ ሥራ ጽፌ ነበር፤ መለሱልኝ። ስለ ኳሳችን ጽፌ ነበር፤ ‹ፍርሃቱ የታለ?› ብለው መለሱልኝ። ሦስተኛውን ግን አንድ ጥያቄ እንኳ ሳይጠይቁኝ አተሙት።»

ሬናታ ከጆንያው አንድ ጫማ አውጥታ መድረኩ ጫፍ ላይ፣ አፍንጫውን ወደ መምህሩ አድርጋ አስቀመጠች።

ዩሊሳ ማይክሮፎኑን ወደ እሱ ዘረጋችው።

«እውነቱ ምን ጎደለው? ቢሮ ሳይሆን እዚህ፣ ሁሉም እየሰማ ይመልሱልኝ።»